የመጋረጃው ነገሥታት

ሰባት ዓመቴ ላይ አንድ ጦርነት አሸንፌአለሁ። እማዬ ይህን ስል በሰማች ቁጥር «አንቺ እኮ ደጃፍ ላይ እንጨት ነው ያጋደምሽው» ትለኛለች። እሷም አልተሳሳተችም፣ እኔም አልዋሸሁም። እስቲ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ቦታው ነቀምቴ ነው፤ ከመናኸሪያ ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ጂሩ ፎቶ ቤት። እኛ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው የምንኖረው። እማዬ ሸዋገነት የሒሳብ አስተማሪ ናት፣ ከደብረ ብርሃን ተመድባ መጣች። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ» ብላ ነበር፤ ይኸው እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ፣ ዘንድሮ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩ። ባለቤቱ ኦቦ ጂሩ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ግን የግቢው ልጅ ሁሉ «አካኮ» ነው የሚላቸው፣ አያቴ እንደማለት። ልጃቸው ኢቢሴን ደግሞ «አዳዳ» እላታለሁ፣ አክስቴ። ፎቶውን እሳቸው ያነሳሉ፣ እሷ ታጥባለች፣ ትቆርጣለች፣ ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህ ደግሞ የሰው ፊት ላይ ያለውን ብጉር ታጠፋለች።

ፎቶ ቤቱ ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተሰቀለ መጋረጃ አለ፣ ሥዕል ያለበት። ነጭ ቤተ መንግሥት፣ ስምንት ምሰሶ፣ ወደ ላይ የሚወጣ ደረጃ፣ ጎኑ ላይ እንደ ልብስ ማጠቢያ ሰማያዊ የሆነ ፏፏቴ። ከፏፏቴው ሥር ያለው ሐይቅ ላይ ሁለት ነጭ ዳክዬ አለ፤ የአንዱ አንገት ከሌላው በእጥፍ ይረዝማል፣ ሠዓሊው መሃል ላይ ሐሳቡን የቀየረ ይመስለኛል። እንግዲህ ይህ ቤተ መንግሥት ለእኔ ሥዕል አልነበረም። አገር ነበር። አገሩንም የነገሩኝ አካኮ ናቸው።

ነገሩ የሥራ ዘዴ ነው። ለትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶ የሚመጣ ሕፃን ካሜራ ሲያይ ወይ ያለቅሳል ወይ ወንበሩ ላይ ይንፈራገጣል። አካኮ «ዝም በል» አይሉም። ጎንበስ ብለው «ከኋላህ ያለው ቤት የማን እንደሆነ ታውቃለህ?» ይሉታል። በቃ፣ ልጁ ይደርቃል። ከዚያ ስለ ንጉሥ ዲንቃ ይነግሩታል፣ ጥላውን ውኃ ያስቀዳ ስለነበረው። ስለ ንጉሥ ኦላና፣ ከመርዘሙ የተነሳ ወፎች ጆሮው ላይ ጎጆ ስለሠሩበት። ፏፏቴው ሥር ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ስላልረጠበው ስለ ትልቁ ንጉሥ ሮሮ። ልጁ አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ሲያዳምጥ፣ ጠቅ። አለቀ። «ውረድ ልጄ፣ የሚቀጥለው።» ተረቱ እዚያው ላይ ይቆረጣል። የነቀምቴ ልጅ ሁሉ ጉርድ ፎቶው ላይ አንድ ነገር ሊጠይቅ የተነሳ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የእኔን አሳያችሁ ነበር።

እኔ ግን ግቢው ውስጥ ስለምኖር ብዙ ቁራጭ ሰብስቤአለሁ። ነገሥታቱን በተራ አስጠንተውኛል፦ ጂሩ፣ ኢረና፣ ሰርዳ፣ ነገዎ፣ ዲንቃ፣ ጉተማ፣ ኦላና፣ ሆርዶፋ፣ ሮሮ። ዘጠኝ። የመጀመሪያው ስም ከእሳቸው ስም ጋር አንድ መሆኑ ምንም አልገረመኝም። ቤተ መንግሥቱ የተሰቀለው እሳቸው ክፍል ውስጥ አይደል? ንጉሥ ከሆኑ ንጉሥ ናቸው፣ ምን ያስደንቃል።

በመጨረሻው ዓመታቸው ግን ተረቱ ተለወጠ። አንድ ጦርነት ገባበት። ንጉሡ አርጅቷል፤ ወራሾቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ በግራ በኩል ባለው በር ወጥቶ ሩቅ አገር የቀረ። አንዷ በፏፏቴው ወርዳ ንጉሡ እጅ ላይ ያደገች። ፈረሰኞቹ ከወንዱ ጋር ሆኑ፣ ወጥ ቤቶቹ ከሴቷ ጋር ሆኑ፣ ዳክዬዎቹ «እኛን አታነካኩን» ብለው መሃል ሐይቅ ገቡ። እና ማን ነገሠ? ጠቅ። ሁሌ እዚያ ላይ ጠቅ። ለምኜአቸዋለሁ፣ ጫማቸውን ጠርጌላቸዋለሁ፣ አልነገሩኝም። ዛሬ ሳስበው የሚነግሩት ነገር አልነበራቸውም። ሰውዬው ኑዛዜ መጻፍ ፈርተው፣ የራሳቸውን ቤት ጣጣ ለሰው ልጆች ጉርድ ፎቶ ማንሻ አድርገውት ነበር።

በጥቅምት አረፉ። ድንኳን ተተከለ፣ መዘምራን መጡ፣ ከአርጆ ደግሞ በቀይ አይሱዙ አንድ ትልቅ ሰውዬ መጣ። ከጋቢናው ሲወርድ መኪናዋ ራሷ እፎይ ያለች መሰለኝ። ቀጀላ ይባላል፤ የአካኮ ልጅ ነው አሉ። እኔ ሰውዬውን አይቼው አላውቅም። በግራ በኩል ባለው በር የወጣው እሱ መሆኑ ግን ወዲያው ገባኝ። በጣም ጮኾ አለቀሰ። አስመሳይ ብዬ ናቅሁት።

ለቅሶው ካለቀ በኋላ አዋቂዎቹ በሹክሹክታ ማውራት ጀመሩ። እኛ ቤትና የአዳዳ ኢቢሴ ጓዳ የሚለያዩት በቺፑድ ነው፤ ጆሮ ለሚያሾል ልጅ ቺፑድ ማለት ሬዲዮ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የለቅሶ ብርጭቆ እያጠቡ አዳዳ ለእማዬ «አንቺ ደሙ አይደለሽም አለኝ» ስትላት ሰማሁ። ቀጀላ ቤቱን ሊሸጥ ነው፤ የወራሽነት ወረቀት ይዟል፤ እሷ ወረቀት የላትም። እማዬ «ታዲያ እኛስ የት እንሄዳለን» አለች። ብርጭቆ ብቻ ይንኳኳል።

እኔ የያዝኩት ደሙን ነው። ደም የላትም ማለት ከመጋረጃው የወጣች ናት ማለት ነው፣ ቀለም ናት፤ ስለዚህ ውኃ ካገኛት ትለቃለች። ለሁለት ቀን እጇን ስትታጠብ በጭንቀት ሳያት ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን ጉርድ ፎቶ ስትቆርጥ መቁረጫው አውራ ጣቷን ላጥ አደረጋት፤ ቀይ ደም ጠብ ጠብ አለ። በደስታ እየበረርኩ መንገዱን ተሻግሬ፣ ፊት ለፊታችን ቅቤ የሚሸጡት አዴ ወርቂቱ ጋ ሄድኩና «አዳዳ ደም አላት! እኔ ራሴ አየሁት!» አልኳቸው። አዴ ወርቂቱ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ወሰዱ። «አዎ ኢንተላ ኮ፣ አዎ ልጄ፣ አላት» አሉኝ። ቅቤ ያለበት እጃቸው ጉንጬ ላይ ነበር።

እውነቱን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የአካኮ የመጀመሪያ ሚስት ተጣልተው ቀጀላን በጨቅላነቱ ይዘውት አርጆ ገብተው ቀሩ። ኢቢሴ የተወለደችው ቢላ የምትባል ከተማ ነው፤ እናቷ ወልዳት ሞተች። አካኮና ከእሳቸው በፊት ያረፉት ሁለተኛዋ ሚስታቸው በጉዲፈቻ አመጧት፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ተመርቃ። በድሮው ወግ ይህ ከወረቀት ይበልጣል፤ የተመረቀች ልጅ ልጅ ናት፣ አለቀ። ግን መራቂዎቹ አንድ በአንድ አልቀው ነበር። ደግሞ አስቡት፣ ከተማውን ሁሉ ፎቶ ያነሳ ሰው ከገዛ ልጁ ጋር አንድ ፎቶ የለውም። ካሜራውን ማን ይያዝለት?

ቅዳሜ ጠዋት ቀዩ አይሱዙ በቂጡ ወደ ፎቶ ቤቱ በር ተጠጋ። ቀጀላ ወረደ፣ ሁለት ጫኝና አውራጆች ወረዱ፣ ኮፍያ ያደረገ አንድ የአኖ ከተማ ሰው ወረደ፤ ቤቱን ገዝቶ የመኪና መለዋወጫ ሊከፍትበት ነው። እማዬ ማጠናከሪያ ልታስተምር ሄዳለች። አዳዳ ውስጥ፣ ደንበኞች የሚቀመጡበት ቀዩ ወንበር ላይ፣ የካሜራውን ቦርሳ እንደ ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ቀጀላ ለጫኞቹ «መጀመሪያ ያን መጋረጃ አውርዱ» አላቸው።

መጋረጃውን! ዘጠኝ ንጉሥ ውስጡ እያለ!

ጥግ ላይ ለሠርገኞች የሚከራይ የባህል ዕቃ አለ፤ ጋሻ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ምናምን። ከነዚያ መሃል አንዲት ቀጭን ለስላሳ በትር አለች። እኛ ልጆች ስንጫወት የንግሥቲቱ ጦር ናት፤ ደጃፍ ላይ ከተጋደመች ቤተ መንግሥቱ ተዘጋ ማለት ነው። አንስቼ ሮጥኩና ደፉ ላይ አጋደምኳት። ከኋላዋ ቆሜም በተቻለኝ መጠን ወፍራም ድምፅ አውጥቼ «ማንም አያልፍም» አልኩ።

እና ቆሙ። በእውነት ቆሙ። አንደኛው ጫኝ ኮፍያውን አወለቀ። ቀጀላ እግሩን አንስቶ ነበር፤ አየር ላይ ትንሽ አቆየውና መልሶ እዚያው አስቀመጠው። እኔ በጦሬ የደነገጡ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ለካ ያጋደምኳት ሲንቄ ናት። የኦሮሞ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት በትር፤ ሴት ሲንቄዋን ይዛ ከቆመች ወንድ ልጅ አያልፋትም፣ ነውር ነው፣ ከነውርም በላይ ነው። የአኖው ሰውዬ «የፎቶ ዕቃ እኮ ናት፣ የኪራይ ቁጥር ተለጥፎባታል፣ አታዩም እንዴ» አለ። ቀጀላ ዞር ብሎ «እሺ፣ አንተ እለፋት» አለው። ሰውዬው ቁጥር አስራ አራትን አያት፣ እኔን አየኝ። አላለፈም።

ይኼን ጊዜ ነው አዴ ወርቂቱ ከመንገዱ ማዶ ያዩን። እልልታቸውን አቀለጡት። ሲንቄ ይዛ እልል ያለች ሴት ከተሰማች የሰማች ሁሉ ትወጣለች፤ ሕጉ ይህ ነው። ችግሩ ሲንቄ ያለው ሰው የለም። የአዴ ወርቂቱ የራሳቸው እንኳ፣ ቸርች ውስጥ «የድሮ ነገር ነው» የሚል ሰው ስለበዛ፣ ከቁም ሳጥን ጀርባ ከገባች ሃያ ዓመቷ ነው። ጎትተው አወጧት፣ የሸረሪት ድሯ ሳይጠረግ ይዘዋት መጡ። ሌላዋ ጃንጥላ ያዘች፣ ሌላዋ መጥረጊያ እንጨት፣ የጸጉር ቤቷ ልጅ የመጋረጃ ዘንግ ነቅላ መጣች። እማዬ ወሬው ክፍል ውስጥ ደርሷት በቾክ የነጣ እጇን ሳትታጠብ፣ የሰሌዳ ማስመሪያዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ደረሰች። እኔ የቆጠርኩት አንድ ሺህ ሠራዊት ነው። እማዬ አስራ ሰባት ነበርን ትላለች። በአስራ ሰባትና በአንድ ሺህ መሃል ያለው ልዩነት ያን ቀን በሩ ላይ ሆኖ ላየው ሰው ትንሽ ነው።

ሴቶቹ አልተሳደቡም፣ አልተማቱም። ቆሙ፣ ዘመሩ፣ በቃ። አዴ ወርቂቱ ለቀጀላ በኦሮምኛ ቀስ ብለው አንድ ነገር አሉት፤ ኋላ እንደነገሩኝ «ልጄ፣ ለመሸጥ ቸኩለህ አባትህን በደንብ እንኳ አላለቀስከውም» ነው ያሉት። እሱ የመኪናው መወጣጫ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ፊቱን በመዳፉ ጠረገና «እሺ፣ ሽማግሌ ይጠራ» አለ።

በማግስቱ እሑድ፣ ሰው ከቸርች ሲወጣ፣ ግቢያችን ውስጥ አቮካዶው ሥር አግዳሚ ወንበር ተደረደረ። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ኦቦ ጋሮማ ነበሩ፣ የአካኮ የልጅነት ጓደኛ። ቀጀላ ወረቀቱን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። አዳዳ ባዶ እጇን ነው። ኦቦ ጋሮማ መራቂ ባይሆኑም ኢቢሴ ስትመረቅ በዓይናቸው አይተዋል፤ ቢሆንም ቀጀላ «እርስዎ የቤቱ ሰው ነዎት፣ ለእሷ ያደላሉ» አላቸው። አልተቆጡም። «መልካም» አሉ፣ «እኔም ዝም ልበል፣ ወረቀቱም ዝም ይበል። የጂሩ ልጅ ነኝ የሚል አባቱን ይቁጠር። ታላቅ አንተ ነህ፣ ጀምር።»

ቀጀላ ተነሳ። «ቀጀላ ጂሩ» አለ። «ጂሩ ኢረና። ኢረና ሰርዳ።» እኔ እማዬ ጉያ ውስጥ ሆኜ ፀጉሬ ቆመ። ነገሥታቱን ያውቃቸዋል! ጠላት የመንግሥቱን ሚስጥር ከየት አገኘ? «ሰርዳ…» አለና ቆመ። እንደገና «ሰርዳ…» አለ። ያ ሁሉ ቁመት፣ ያ ሁሉ ትከሻ፣ አንድ ስም ጠፍቶት ቆመ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። አዋቂ ወንድ በሦስተኛ አባቱ ላይ መቅረቱን ቆሞ ማየት ለተመልካቹም ያሳፍራል።

ደስታዬን አትጠይቁኝ። አበቃለት፣ አሁን የእኛዋ ትነሳና ዘጠኙንም ዘርግታ ታሳየዋለች፣ ዘውዱ የእኛ ነው። አዳዳ እውነትም ተነሳች። ሄዳ አጠገቡ ቆመች። እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ሁለቱም ጎን ለጎን። ከዚያ ለእሱ ብቻ በሚሰማ፣ ግን ሁላችንም በሰማነው ድምፅ «ነገዎ» አለችው።

ወደ እሷ ዞረ።

«ሰርዳ ነገዎ» አለችው። «በል።»

«ሰርዳ ነገዎ» አለ።

«ነገዎ ዲንቃ።»

«ነገዎ ዲንቃ።»

እኔ አበድኩ። ንግሥታችን ነገሥታቱን አንድ በአንድ ለጠላት እያስረከበች ነው! ከሃዲ ልል አፌን ስከፍት እማዬ በቾክ መዳፏ ከደነችኝ፤ የሷ እጅ ደግሞ ይሸታል፣ እሑድ እንኳ ቾክ ነው የሚሸተው። በጣቶቿ መሃል አየኋቸው። እሷ ትሰጠዋለች፣ እሱ ይቀበላታል። ጉተማ። ኦላና። ሆርዶፋ። እያንዳንዱን ስም ሲቀበል ድምፁ እየቀጠነ ሄደ፣ ሮሮ ላይ ሲደርስ የልጅ ድምፅ ሆነ።

«ከሮሮ በላይስ?» አላት።

«ከሮሮ በላይ አባባም አያውቅም ነበር» አለችው።

ያኔ አለቀሰ። የለቅሶው ቀን እንደጮኸው አይደለም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚነቃነቀው። አርጆ ውስጥ በእናቱ ወንድም ቤት ማደጉን፣ ልጆች አባታቸውን ሲቆጥሩ እሱ እንጨት ለቀማ ብሎ ይሸሽ እንደነበር፣ አባቱ ለከተማው ልጅ ሁሉ ያወራውን ለእሱ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብሎ እንዳላወራው ተናገረ። ቤቱን መሸጥ የፈለገው ያንን መጋረጃ ላለማየት ነበር። የሰው ልጅ ሁሉ ከፊቱ ተቀምጦ ፎቶ ሲነሳ እሱ አንድ ጊዜ አልተቀመጠበትም። ይኼ ሁሉ ያን ቀን ጆሮዬ ገብቶ ወጥቷል፤ የገባኝ ዘንድሮ ነው ብል ይሻላል። እኔ ያን ቀን የማየው ተሸንፋ የቆመች ንግሥት ነበር።

ለካ ያሸነፈችው እዚያ ላይ ነው። አባት የሚያስቆጥር የቤቱ ታላቅ ነው። ሁሉንም ስም ዘርግታ ብታሳፍረው ኖሮ ቤቱን ታገኝ ይሆናል፣ ሰውዬውን ግን ዕድሜ ልኳን በጠላትነት ታገኘው ነበር።

ኦቦ ጋሮማ ሊፈርዱ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ቀጀላ እጁን አነሳ። «ፍርዱ ይቅር» አለ። «አባቴን ያስቆጠረችኝን ልጅ ከየት መጣሽ ብዬ ልጠይቃት? እህቴ ናት።» ወረቀቱን አጥፎ ለኦቦ ጋሮማ ሰጣቸው። ቤቱና ፎቶ ቤቱ ለኢቢሴ፣ አርጆ ያለው የአባታቸው ይዞታ ለቀጀላ ተባለ፤ ኋላ ፍርድ ቤትም ሁለቱ ተስማምተው ቀርበው በዚያው ጸና። ሽማግሌዎቹ መረቁ። አስራ ሰባቱ ሴቶች ከነጃንጥላቸው እልልታውን ሲለቁት መንገድ ላይ ባጃጅ ሁሉ ቆመ። የአኖው ሰውዬ ራሱ ሲያጨበጭብ አይቼዋለሁ፤ መለዋወጫውን ኋላ ሌላ ቦታ ከፈተ፣ ሚስቱንም ይዞ መጥቶ እኛ ጋ ፎቶ ተነስቷል።

እኔ ብቻ አኮረፍኩ። ይህ ምን ዓይነት ድል ነው? ጠላት አልተባረረ፣ አልታሰረ፣ ጭራሽ ምሳ ይበላል። ሁለት ጊዜ ጨምሮ በላ።

ከሳምንት በኋላ አዳዳ አዲስ ታፔላ አሠራች። ቀጀላ ከአርጆ መጥቶ ሊሰቅለው መሰላል ላይ ወጣ፣ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ። እኔ በቅርቡ ነው ማንበብ የቻልኩት፤ ያገኘሁትን ሁሉ ጮኼ ነበር የማነብበው። «ጂሩና ልጆቹ ፎቶ ቤት» አልኩ። ደሜ ፈላ። የንግሥቲቱ ስም የት አለ? ጠላት ታፔላ ላይ ይወጣል እንዴ?

ሄጄ ቀሚሷን ጎተትኳት። «ልጆቹ የሚለው ስንት ሰው ነው?» አልኳት፣ በቁጣ።

አዳዳ ወደ ላይ ቀና ብላ ታፔላውን አየችው። መንገድ አላፊው ሁሉ «አካም ቡልቴ ኢቢሴ፣ እንዴት አደርሽ» እያላት ያልፋል፣ እሷም ለእያንዳንዱ ትመልሳለች፤ ዓይኗ ግን ታፔላው ላይ ነው። ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

«ቁጥር አልጻፍንበትም» አለች። «ነይ፣ አንቺም መሰላሉን ያዢ።»